ክራሬ ቅኝት አልይዝ አለ፦ ክሩ ነው፣ መቃኛው ነው ወይስ ቆዳው?

የማታ_ክራር

ሰላም ለሁላችሁ። ክራሩ ባለ ስድስት ክር ነው፤ ገበቴው እንጨት፣ የለበሰው የፍየል ቆዳ፣ መቃኛዎቹ ከላይ የተጋደመውን እንጨት፣ ቀንበሩን፣ በስተው የገቡ የእንጨት ችንካሮች። ከአዲስ አበባ የመጣ ሲሆን አሁን ያለው ፍራንክፈርት ነው። ክሩ ሁሉ ከተቀየረ ገና ሳምንቱ ነው። የገባለት የክላሲክ ጊታር ናይለን ሲሆን ከሁለት ፓኬት ላይ ሦስት ሦስቱ ቀጫጭኖች ናቸው።

ችግሩ እንዲህ ነው። ስልክ ላይ ባለ ቲዩነር (የድምፅ መለኪያ መተግበሪያ) ከሲ (C) ድምፅ ተነስቼ ትዝታ ሜጀር በሚባለው ቅኝት እቃኘዋለሁ። ስድስተኛውን ጨርሼ ወደ መጀመሪያው ስመለስ የመጀመሪያው ወርዷል፤ እሱን ሳነሳ ሌላው ይወርዳል። ግማሽ ሰዓት ተጫውቼ ሳየው ሁሉም ረግቧል። ማሞቂያው ሲሠራ በዋለ ቀን ደግሞ ማታ ላይ ሁሉም ከፍ ብሎ አገኘዋለሁ። ጂ የማደርገው ክር ግን በየቀኑ ይወርዳል፣ ያውም "ቅጭ" የሚል ድምፅ አሰምቶ። ላይኛው ሲ ጨርሶ አልደርስ ብሏል፤ ክሩ እንደ ሽቦ ደርቆ ዱብ ዱብ ይላል።

የጊታር ብረት መቃኛ ካላስገጠምሽ አይሆንም ተብያለሁ። ቀንበሩን መብሳት ስለሚጠይቅ ከዚያ በፊት ልጠይቅ ብዬ ነው።

---

ቀንበር_ሠሪ

ቀንበሩን አትብሺው እህቴ። የጻፍሽው አንድ ችግር ሳይሆን አራት ነው። የብረት መቃኛ ከአራቱ የሚፈታው አንዱን ብቻ ነው፣ እሱም በጠመኔ የሚፈታ ነው።

መጀመሪያ ለዪው። ማታ ቃኝተሽ የስድስቱንም ንባብ በሴንት ጻፊ። ሴንት የግማሽ ድምፅ መቶኛ ነው፤ ቲዩነሩ ከመርፌው አጠገብ የሚያሳይሽ ቁጥር ማለት ነው። ሳትነኪው ጠዋት ድገሚው። አንድ ክር ብቻ ወርዶ ካገኘሽ ጥፋቱ የዚያ ክር መቃኛ ወይም ቋጠሮ ነው። ስድስቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ተቀራርበው ከሄዱ ቆዳው ነው፤ በርኩማው፣ ማለትም ቆዳው ላይ ቆሞ ክሮቹን የሚሸከመው እንጨት፣ ተንሸራቶም ሊሆን ይችላል። ስድስቱም ወርደው መጠኑ ግን የተዘበራረቀ ከሆነ፣ አንዱ 15 ሴንት ሌላው 60፣ አዲሱ ናይለን ገና እየተሳበ ነው።

"ቅጭ" የሚለው ችንካሩ ነው። ክሩን አላልተሽ ችንካሩን ንቀይና በብርሃን እዪው። ከቀንበሩ ጋር የሚነካካው ቦታ አብረቅርቆ ቀለበት ሠርቶ ታያለሽ። ቀለበቱ ዙሪያውን ሙሉ ከሆነ እንጨቱ በደንብ ተገናኝቷል፤ የጎደለው መንሸራተቱን የሚይዝ ሻካራነት ብቻ ነው። ነጭ የጥቁር ሰሌዳ ጠመኔ በቀለበቱ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ አሹበት፣ መልሰሽ አስገቢው፣ ክር ሳታስሪ አሥር ጊዜ ያህል ወዲያና ወዲህ አዙሪው። ስትቃኚም ዝም ብለሽ አታዙሪ፤ እያዞርሽ ወደ ውስጥ ግፊው። ችንካሩ ወደ ጫፉ እየቀጠነ የሚሄድ ስለሆነ የሚይዘው ግፊቱ ነው። ተቃራኒው ችግር ካለ፣ ማለትም ተጣብቆ አልዞር እያለ ዘሎ የሚሄድ ከሆነ፣ ደረቅ ሳሙና በስሱ ይቀባል። ዘይትና ቫዝሊን በፍጹም አይነካውም፤ እንጨቱ አንዴ ከጠጣው ጠመኔም አይመልሰውም። ቀለበቱ በአንድ ወገን ብቻ ካበረቀረቀ ግን ቀዳዳው ክብ አይደለም፤ ያ የባለሙያ ሥራ ነው።

አጠቃለሉንም እዪው። ክሩ ችንካሩ ላይ ሦስት ወይም አራት ዙር ይበቃዋል፣ የመጀመሪያው ዙር የክሩን ጅራት ረግጦት ይለፍ። ጥቅሉ ወደ ቀንበሩ እየተጠጋ እንዲሄድ አድርጊ። ወደ ችንካሩ ጫፍ እየራቀ ከተጠቀለለ ክሩ ችንካሩን ወደ ውጭ ይጎትተዋል፣ አንቺ የገፋሽውን እሱ ያወጣዋል።

አንዱን ስታነሺ ሌላው መውረዱ ጤነኛ ነው። ቀንበሩም እሱን የተሸከሙት ሁለቱ ምሰሶዎችም ቆዳውም ለውጥረቱ ትንሽ ትንሽ ይለመጣሉ። ስለዚህ በአንድ ዙር የሚያልቅ ቅኝት የለም። በመጀመሪያው ዙር ሁሉንም በግርድፉ አድርሺ፣ በሁለተኛው አስተካክዪ፣ በሦስተኛው ጨርሺ። ሁልጊዜ ከታች ወደ ላይ ነው የሚደረሰው። አልፈሽ ከሄድሽ ወደ ታች አውርደሽ እንደገና ውጪ፤ ከላይ ወርዶ የተቃኘ ክር በመጀመሪያው ግርፍ ይረግባል።

የበርኩማው ነገር ደግሞ ብዙ ሰው አያየውም። ክሮቹ በጠበቁ ቁጥር የበርኩማውን አናት ወደ ቀንበሩ ይስቡታል። ከጎን አጎንብሰሽ እዪው፣ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። ካዘነበለ ክሮቹን በአንድ ሙሉ ድምፅ አላልተሽ በሁለት አውራ ጣት መልሺው። እግሮቹ ባረፉበት ቆዳ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጊ። ከ50 ሴንቲ ሜትር ክር ላይ በርኩማው በ1 ሴንቲ ሜትር ቢንሸራተት ሁሉም ክር በ35 ሴንት፣ የግማሽ ድምፅ ሲሶ ያህል፣ ይዛባል። ሰው ይህን መቃኛው ላይ ሲፈልግ ይውላል።

---

ናይለን_በሚሊ

የላይኛው ሲ አልደርስ ያለው በክሩ ምርጫ ነው። የክላሲክ ጊታር ቀጭኑ ክር 0.71 ሚሊ ገደማ ነው፣ ሁለተኛው 0.81፣ ሦስተኛው 1 ሚሊ። የተሠሩት 65 ሴንቲ ሜትር ለሚሆን ርዝመት ነው፤ ክራር ላይ ከዚያ አጭር ሆነው ከፍ ያለ ድምፅ ስጡ ሲባሉ አይሆንላቸውም። 50 ሴንቲ ሜትር በሆነ ክራር ላይ 0.71ን ወደ ላይኛው ሲ ለማድረስ 12 ኪሎ ተኩል ያህል ውጥረት ይፈልጋል። ለክራር ክር ከ2 ኪሎ ተኩል እስከ 3 ኪሎ ተኩል ምቹ ነው። የደረቀብሽ ለዚህ ነው፣ መቃኛውንም የሚያንሸራትተው ይኸው ጉልበት ነው።

በርኩማው ክሩን ከሚነካበት እስከ ቀንበሩ ያለውን በሜትር ለኪ፤ ከበርኩማው በታች ያለው አይቆጠርም። 50 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ለተራ የዓሣ ማጥመጃ ናይለን፣ ከመሃከለኛው ሲ ተነስቶ ለትዝታ ሜጀር፦

ታችኛው ሲ (261.6 ኸርዝ) 0.70 ሚሊ፣ 3.1 ኪሎ
ዲ (293.7) 0.60 ሚሊ፣ 2.8 ኪሎ
ኢ (329.6) 0.55 ሚሊ፣ 3 ኪሎ (0.60 ብቻ ካለ 3.6 ይሆናል፣ ይቻላል)
ጂ (392) 0.45 ሚሊ፣ 2.8 ኪሎ
ኤ (440) 0.40 ሚሊ፣ 2.8 ኪሎ
ላይኛው ሲ (523.3) 0.35 ሚሊ፣ 3.1 ኪሎ

ሁለቱን ሲዎች እዪ፤ ውፍረቱ በግማሽ ሲቀንስ በዚያው ውጥረት ድምፁ አንድ ኦክታቭ ይወጣል። ይህን ከያዝሽ ሌላውን ራስሽ ታወጪዋለሽ። ስድስቱ ተደምረው ከ18 ኪሎ በታች ናቸው። ያንቺ አሁን በላይኛው ሲ ብቻ የዚህን ሁለት ሦስተኛ ሊጭን ነው።

ስትገዢ አንድ ወጥመድ አለ። ጥቅሉ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ኪሎ የመበጠሻ አቅሙ እንጂ ውፍረቱ አይደለም፣ እኩል ኪሎ የሚሸከሙ ሁለት ናይለኖች ውፍረታቸው ይለያያል። ሚሊውን አንብቢ። ካላመንሽው እርሳስ ላይ አሥር ዙር አጠጋግተሽ ጠቅልዪና በማስመሪያ ለኪው፤ አሥር ዙሩ 6 ሚሊ ከሞላ ክሩ 0.60 ነው። የተገመደው ዓይነት አይሆንም፣ ድምፁ የሞተ ነው። ፍሎሮካርቦን የሚባለው ግን ጥሩ ነው፤ ከናይለን ይከብዳል፣ እርጥበትም እንደ ናይለን አይጠጣም። ከብዶ ስለሚገኝ ከላይ የጻፍኩትን ሚሊ በ0.8 አባዢው፤ 0.70 የነበረው 0.55 አካባቢ ይሆናል።

አዲስ ናይለን ከሦስት እስከ አምስት ቀን ይሳባል፣ ምንም ብታደርጊ። ለማፋጠን ቃኝተሽ ክሩን መሃል ላይ ይዘሽ በእርጋታ ወደ ላይ ሳቢው፣ መልሰሽ ቃኚ፣ አራት አምስት ጊዜ። ታች የምታስሪው ቋጠሮ ድርብ ይሁን፣ ጫፉን አንድ ሴንቲ ሜትር አስተርፊ። ጫፉን በላይተር አቅልጦ ጉብ ማድረግ ይረዳል፣ ግን ክሩ ከመታሰሩ በፊት፣ ከቆዳው ርቀሽ።

---

ዋልያ_ባንድ

ሁለታችሁም የብረት መቃኛን ዝም ብላችሁ አጣጣላችሁት። መድረክ ላይ በሁለት ዘፈን መካከል ቅኝት የሚቀይር ሰው በእንጨት ችንካር ይሰቃያል። የብረቱ ጆሮ 14 ጊዜ ዞሮ ነው ዘንጉ አንዴ የሚዞረው፤ 5 ሴንት ለማንሳት እጅ አይንቀጠቀጥም። ያውም አይንሸራተትም።

---

ቀንበር_ሠሪ

ለመድረክ ልክ ነህ፣ በዚያ አልከራከርም። የሷ ክራር ግን በዚህ አይድንም። ቆዳው ሲላላ የብረት መቃኛውም አብሮ ይወርዳል፣ ናይለኑም ይሳባል። በዚያ ላይ ስድስቱ ብረቶች ቀንበሩ አናት ላይ ሲያርፉ ክራሩ ሲያቅፉት ወደ ፊት ይደፋል። ለስስ ቀንበር ስድስት ሰፋፊ ቀዳዳ ማለት ደግሞ በውጥረቱ መሃል ላይ የሚሰነጠቅበትን መስመር ማስመር ነው። የሚገጠም ከሆነ መጀመሪያውኑ ወፈር ተደርጎ በተሠራ ቀንበር ላይ ይገጠም።

---

ዋልያ_ባንድ

የቀንበሩን ውፍረት ሳናይ ብሺው አልልም፣ ተስማማን። የብረት ክር ላድርግ ካለች ግን ምን ትላላችሁ?

---

ናይለን_በሚሊ

ለታችኞቹ ይሠራል፣ ለላይኞቹ ያስቸግራል። የኤሌክትሪክ ጊታር 0.25 ሚሊ ብረት 50 ሴንቲ ሜትር ላይ በታችኛው ሲ 2.8 ኪሎ ነው፣ ቆንጆ። ግን ገበያ ላይ በቀላሉ የሚገኘው ቀጭን 0.20 አካባቢ ነው፣ እሱ ላይኛው ሲ ላይ 7 ኪሎ ይደርሳል። ለናይለን የተበጀ የእንጨት በርኩማን ይሰረስረዋል። ስለ ፒካፕ (የክሩን ድምፅ ወደ ማጉያ ስለሚወስደው መሣሪያ) የምትጠይቁ ደግሞ እባካችሁ ለብቻው ክፈቱት፣ እዚህ ከተጀመረ የሷ ጥያቄ ይቀበራል።

---

ክረምት_ከገባ

ቆዳው ላይ ማንም አልቆየም፣ ግማሹ መልስ ያለው ግን እዚያ ነው። ማሞቂያ በሠራ ቀን ሁሉም ክር ከፍ ማለቱ ቆዳው ደርቆ ስለሚሰበሰብ ነው። ሲወጠር በርኩማውን ወደ ላይ ያነሳዋል፣ ክሮቹ ይጠብቃሉ። አዲስ አበባ ሐምሌና ነሐሴ ላይ የሚሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ቆዳው እርጥበት ጠጥቶ ይላላል፣ የበርኩማው እግር ሰመጥ ብሎ ጎድጎድ ያለ ቦታ ይሠራል፣ ክሩም ከቆዳው ጋር ተቀራርቦ ይንዛዛል። መንዛዛት ለበገና ጌጡ ነው፣ እንዚራ የሚባለው ቁራጭ ቆዳ በርኩማው ላይ ከየክሩ ሥር የሚገባው ለዚሁ ነው። ክራር ሲንዛዛ ግን የሆነ ነገር ተበላሽቷል።

ለፍራንክፈርት ክረምት የሚያሰጋው መላላቱ ሳይሆን መድረቁ ነው። ቆዳ ከመጠን በላይ ሲደርቅ የሚሰነጠቀው ከስፌቱ ወይም ከተቸነከረበት ጠርዝ ጀምሮ ነው። ርካሽ የእርጥበት መለኪያ ግዢና ክራሩ ያለበት ቦታ ከ40 እስከ 55 በመቶ ባለው ውስጥ መሆኑን እዪ። ከ35 በታች ከወረደ ክራሩ ቦርሳው ውስጥ ይደር፣ አብሮት በእርጥብ ስፖንጅ የታጨቀና የተበሳሳ የሳሙና ማስቀመጫ ይግባ፣ ቆዳውን ግን እንዳይነካው። ከማሞቂያው ቢያንስ 2 ሜትር ይራቅ። ግድግዳ ላይ መስቀል የምትወጂ ከሆነ የውጭ ግድግዳ አይሁን።

ከበሮ በእሳት ዳር ወይም በፀሐይ ይሞቃል ብለሽ ክራርን እንዳታሞቂው። የክራር ቆዳ በችኮላ ሲሰበሰብ ምሰሶዎቹ የገቡበትን አፍ ያላቅቃል፣ የመቃኛ ችንካሮቹም ደርቀው ይላላሉ። የተላላ ቆዳ ካለ ደረቅ ክፍል ውስጥ አንድ ሌሊት ማሳደር ይበቃዋል። ለሳምንታት ሳትጫወቺ የምትተዪው ከሆነ ሁሉንም ክር በአንድ ሙሉ ድምፅ አላልተሽ አስቀምጪው፤ ሙሉ በሙሉ አታውልቂው፣ በርኩማው ይወድቃል።

---

ሦስተኛ_ክር

ስለ ቲዩነሩና ስለ ቅኝቱ ልጨምር፣ ምክንያቱም መቃኛ የሚያልቀው ቅኝት በመቀያየር ነው።

ቲዩነሩን ክሮማቲክ በሚለው አድርጊው፣ "ጊታር" በሚለው ካስቀመጥሽው የስድስቱን የጊታር ክር ድምፅ ብቻ እየፈለገ ያሳስትሻል። መነሻው ኤ 440 ኸርዝ መሆኑንም እዪ። ፍላት የሚባሉትን (በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያሉትን) ብዙዎቹ መተግበሪያዎች በሻርፕ (በግማሽ ድምፅ ከፍ ባለው) ስም ነው የሚጽፉት፤ ኢ ፍላት ስልኩ ላይ ዲ ሻርፕ፣ ኤ ፍላት ጂ ሻርፕ፣ ዲ ፍላት ሲ ሻርፕ ሆኖ ነው የሚመጣልሽ።

ከሲ ሲነሱ፦
ትዝታ ሜጀር፦ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ
ትዝታ ማይነር፦ ሲ፣ ዲ፣ ኢ ፍላት፣ ጂ፣ ኤ ፍላት
ባቲ ሜጀር፦ ሲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ቢ
ባቲ ማይነር፦ ሲ፣ ኢ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ቢ ፍላት
አምባሰል፦ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት
አንቺሆዬ፦ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ
ስድስተኛው ክር በሁሉም የላይኛው ሲ ነው።

አሁን ዋናው። ትዝታ ሜጀር እንደተቃኘ ሳለ መቃኛ ሳትነኪ ማረፊያሽን ሲ ላይ ማድረግ ትተሽ ኤ ላይ አድርጊው፦ ኤ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ። ይህ የኤ ባቲ ማይነር ነው። ትዝታ ማይነር ላይ ደግሞ ማረፊያውን ወደ ጂ ብትወስጂው ጂ፣ ኤ ፍላት፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ ፍላት ይሆናል፣ የጂ አምባሰል። ማለትም ሁለት ክር ብቻ (ኢ እና ኤ) በግማሽ ድምፅ እያወጣሽና እያወረድሽ አራት ቅኝት ትጫወቻለሽ። ዘፋኙ በሌላ ቁልፍ ካልጠየቀ በቀር ይህን ትቶ ሁሉንም ክር ማተራመስ ድካም ነው።

ባቲ ሜጀር ይለያል፤ ከትዝታ ሜጀር ተነስተሽ ዲን ወደ ኢ፣ ኢን ወደ ኤፍ፣ ኤን ወደ ቢ ታነሺያለሽ። አንድ ሙሉ ድምፅ ሲነሳ ውጥረቱ በሩብ ያህል ይጨምራል፣ ስለዚህ ናይለን_በሚሊ የሰጠሽ 2.8 ኪሎዎቹ 3.5 ይሆናሉ፣ ይችሉታል። አንቺ ያለሽበት የጊታር ክር ግን አይችለውም።

አንቺሆዬን በቲዩነር ብቻ አትመኚ። ከላይ የጻፍኩት የፒያኖው ቅርብ ነው፤ በባህሉ የሚዘፍን ሰው አንዳንዱን ድምፅ ፒያኖ ከሚያስቀምጠው ቦታ ትንሽ አሸሽቶ ሊይዘው ይችላል። መጀመሪያ በቲዩነር አድርሺ፣ ከዚያ ከዘፋኙ ድምፅ ጋር እየነካካሽ አስተካክዪ።

ክሮቹ በክራሩ ላይ የሚደረደሩበት ተራ ከአስተማሪ አስተማሪ ስለሚለያይ እኔ በድምፅ ነው የጻፍኩት።

---

የማታ_ክራር

እናመሰግናለን፣ እጃችሁ ይባረክ። ለካሁት። ከበርኩማው እስከ ቀንበሩ 54 ሴንቲ ሜትር ነው። የእርሳሱን ምልክት ሳደርግ በርኩማው አዘንብሎ አገኘሁት። የጂ ችንካር በጠመኔ ቆሟል። ጥያቄዬ ክሩ ላይ ነው፤ ለ54 ሴንቲ ሜትር ውፍረቶቹን ልቀይር? አብሮኝ የሚዘፍነው ወንድሜ ደግሞ ሲ ይከብደዋል፣ ወደ ኤ ይውረድ ይላል።

---

ናይለን_በሚሊ

54 ከሆነ ሁለት መንገድ አለሽ። ያንኑ ውፍረት አስገብተሽ በግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርጊና ከቢ ተነሺ፤ ታችኛው 0.70 በቢ 3.2 ኪሎ ይሆናል፣ ማለትም ምንም አልተለወጠም። በሲ መቆየት ካለብሽ ሁሉንም በአንድ ደረጃ አቅጥኚ፦ 0.65፣ 0.55፣ 0.50፣ 0.40፣ 0.37፣ 0.32 አካባቢ።

ለወንድምሽ ኤ ግን ማቅጠን ሳይሆን ማወፈር ነው። ቢን ለማግኘት ካስገባሽው ላይ አንድ ሙሉ ድምፅ ወርዶ ውጥረቱ በአምስተኛ ይቀንሳል፣ ትንሽ ይልፈሰፈሳል። ውፍረቱን በ1.12 አባዢው፦ 0.80፣ 0.70፣ 0.60፣ 0.50፣ 0.45፣ 0.40። ለታችኛው አዲስ አትግዢ፤ ከገዛሽው የጊታር ፓኬት ሁለተኛው ክር 0.81 ነው፣ ለሁለተኛው ደግሞ ቀጭኑ 0.71 ይሆናል። የቀሩትን አራቱን ብቻ ከዓሣ ማጥመጃ ግዢ።

---

ቀንበር_ሠሪ

አዲሶቹን ስታስገቢ ሁሉንም በአንዴ አታውልቂ። አንዱን አውጥተሽ አንዱን አስገቢ፣ በርኩማው ከምልክቱ ሳይነቃነቅ።